አልጋ ቁጥር አሥራ አራት ይነሱ ወይስ ይተኙ

የአረጋውያን ታካሚዎች የተሃድሶ ሕክምና ሥልጠና አስፈጻሚ ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ዓርብ፣ የሥልጠናው አምስተኛና የመጨረሻ ቀን

ቦታ፦ የሆስፒታሉ መሰብሰቢያ ክፍል፣ ከሴቶች መኝታ ክፍል ጋር በአንድ ስስ የእንጨት ግድግዳ የሚዋሰነው

የተጠራበት ሰዓት፦ ጠዋት 3፡00

የተጀመረበት ሰዓት፦ 3፡50። ሃምሳው ደቂቃ የጠፋው የማይወዛወዝ ወንበር ሲፈለግ ነው። አልተገኘም።

የተገኙ አባላት፦
1. የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ፣ ሰብሳቢ
2. ሜትሮኗ፣ ማለትም ዋናዋ ነርስ፤ በየጠዋቱ አልጋ ስለሚቆጥሩ ሠራተኛው በሌሉበት «ቆጣሪ» የሚላቸው
3. የንብረት ክፍል ኃላፊ፣ በመራመጃ ብረት (ዎከር) ተደግፈው የገቡ፤ ምክንያቱ በአጀንዳ አንድ ሥር ይገኛል
4. የልብስ እጥበት ክፍል ኃላፊ
5. የካርድ ክፍል ሠራተኛ፣ አባልና ጸሐፊ፤ ይህን የምትጽፈው

በታዛቢነት፦ አሠልጣኟ ፊዚዮቴራፒስት። ከትልቁ ሆስፒታል ለአምስት ቀን ተልካ የመጣች ሲሆን ነገ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ትመለሳለች። ድምፅ የመስጠት መብት የላትም። በዕድሜ ከሁላችንም ስለምታንስ በራሷ ፈቃድ ያለ አንቱታ ተመዝግባለች።

ያልተገኙ፦ ሐኪሙ፣ ቀዶ ጥገና ላይ ስለሆኑ። የአምቡላንስ ሹፌሩ፣ አምቡላንሱ ሥር ስለሆነ።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከሰባቱ አባላት አምስቱ ሲገኙ ይሞላል። የተገኘነው ልክ አምስት ነን። ሰብሳቢው «ከእንግዲህ ንቅንቅ የለም፤ አንድ ሰው ከወጣ ጉባኤው ፈረሰ ማለት ነው» ካሉ በኋላ በሩ እንዲዘጋ አዘዙ። አሠልጣኟ መኝታ ክፍሉን ማን እንደሚጠብቅ ጠየቀች። ተረኛዋ ነርስ ሐኪሙን ልታግዝ ቀዶ ጥገና ክፍል መግባቷ፣ ሌሎቹ ሠልጣኞች ደግሞ ለምስክር ወረቀት ፎቶ ግቢ ውስጥ ተሰልፈው ሰብሳቢውን እየጠበቁ መሆኑ ተገለጸ። ማንም እንደማይጠብቀው በዚህ ታወቀ።

ከአጀንዳው በፊት የቀረበ ማሳሰቢያ፦ ጸሐፊዋ፣ በአጀንዳ አራት ጉዳያቸው የሚታየው አልጋ ቁጥር አሥራ አራት አክስቷ መሆናቸውን፣ እናቷ ከሞተችበት ቀን አንስቶም ያሳደጓት እሳቸው መሆናቸውን አስታወቀች። ሠላሳ አንድ ዓመት የእህል ወፍጮ ሲያንቀሳቅሱ ኖረው፣ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ፣ ከተጠገኑ አምስት ሳምንት ሆኗቸዋል። ቁስላቸው ድኗል። ሐኪሙ በካርዳቸው ላይ «ይነሱ፣ ይራመዱ» ብለው ከጻፉ ሦስት ሳምንት አልፏል፤ ካርዱ የሚቀመጠው በራሷ በጸሐፊዋ መደርደሪያ ስለሆነ ይህን አሳምራ ታውቃለች። አሠልጣኟም ሰኞ ዕለት መርምራቸው «እኔ እዚህ እያለሁ ካልቆሙና ማንሳቱን የሚችል ሰው ካልተተወላቸው፣ እግራቸው ይከዳቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ አልጋ ነው» ብላ ነበር። ሰብሳቢው ማሳሰቢያው ረጅም በመሆኑ እንዲያጥር አዘዋል። ያጠረው ይህ ነው።

አጀንዳ አንድ፦ የሥልጠናው አፈጻጸም

ሰብሳቢው ሥልጠናው እጅግ የተሳካ እንደነበር ገለጹ። አሥራ ሁለት ሠራተኞች አረጋዊን ከአልጋ ማንሳት፣ ማስቀመጥ፣ ማቆምና ማራመድ ተምረው ሁሉም ሙሉ ነጥብ አግኝተዋል። አሠልጣኟ፣ ከሠልጣኞቹ መካከል ከማክሰኞ ወዲህ አንድም አረጋዊ የነካ እንደሌለ እንዲመዘገብላት ጠየቀች። ተመዝግቧል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰኞ ጠዋት አሠልጣኟ ሦስት አረጋውያንን አንስታ ኮሪደር ለኮሪደር ስታለማምድ ሜትሮኗ ለቆጠራ ገቡ። በሆስፒታሉ ደንብ በቆጠራ ሰዓት አልጋው ላይ ያልተገኘ ታካሚ እንደ ወጣ ይቆጠራል። ሦስቱም «ወጥተዋል» ተብለው ተመዘገቡ፤ ደርሰው ሲመለሱም አልጋቸው ላይ ሌላ ሰው ተኝቶ አገኙ። አንደኛው ሽማግሌ ጫማቸውን ታቅፈው እስከ ማታ ካርድ ክፍል ተቀምጠዋል። «ልጄ፣ ድኛለሁ እንዴ?» ብለው ሁለት ጊዜ ጠይቀውኛል። ከዚያ በኋላ ታካሚ ማንሳት ታገደና ሠራተኛው ሠራተኛውን እያነሳ ሠለጠነ።

የልብስ እጥበት ኃላፊዋ በአራት ቀን ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ከአልጋ መነሳታቸውን አስታውሰው «ድሮስ ተነስቼ አይደል የመጣሁት?» ሲሉ ጠየቁ።

የንብረት ክፍል ኃላፊው በሥልጠናው ግራ ጎናቸው የሰነፈ በሽተኛ ሆነው ተመድበው ነበር። ከማክሰኞ ወዲህ ከሥራ ሰዓት ውጭም ሲያነክሱ ታይተዋል። ለሆስፒታሉ የመጣውን ብቸኛ ዎከር ከነመጠቅለያ ላስቲኩ የሚጠቀሙበት እሳቸው ናቸው፤ አሁን ደግሞ የሁለት ሳምንት የሕመም ፈቃድ ጠይቀዋል። አሠልጣኟ ምንም እንዳልሆኑ በትሕትና አስረዳች። እሳቸውም «ልጄ፣ እኔ የታመምኩት አንቺ ያስተማርሽኝን ነው፤ ልክ ካልሆነ ጥፋቱ የሥልጠናው ነው» ብለው መለሱ። ሰብሳቢው ይህ የተሳካ ሥልጠና ምልክት ነው አሉ።

ከረጅም ውይይት በኋላ፦ ሥልጠናው ተሳክቷል ተብሎ ተወሰነ። የሕመም ፈቃዱም ተፈቀደ።

በ4፡20 ከግድግዳው ወዲያ «የሚያነሳኝ የለም ወይ?» የሚል ድምፅ ተሰማ። አክስቴ በሕይወታቸው ሙሉ በወፍጮ ሞተር ጩኸት መሐል ሲነጋገሩ የኖሩ ስለሆኑ ዝግ ብለው መናገር አያውቁም። የልብስ እጥበት ኃላፊዋ ለመነሳት ሲሉ ሰብሳቢው «ምልዓተ ጉባኤ!» አሏቸውና ተቀመጡ። አሠልጣኟ «እኔ አባል አይደለሁም፤ ልሂድ» አለች። ሜትሮኗ፣ የሆስፒታሉ ሠራተኛ ያልሆነ ሰው ሠራተኛ አብሮት ሳይቆም ታካሚ መንካት እንደማይችል አስታወሱ። ሠራተኛው ሁሉ ወይ ስብሰባ ላይ፣ ወይ ቀዶ ጥገና ክፍል፣ ወይ ፎቶ ሰልፍ ላይ ነው። አሠልጣኟ ተቀመጠች። ድምፁ ከስብሰባው ጋር እንደማይያያዝ ተደርጎ ታለፈ።

አጀንዳ ሁለት፦ የቆጠራው ደንብ

ጸሐፊዋ ከአልጋው ይልቅ ሰው ቢቆጠር ስትል ሐሳብ አቀረበች። ሜትሮኗ «አልጋ ባለበት ይገኛል፤ ሰው ይንቀሳቀሳል። የሚንቀሳቀስ ነገር እንዴት አድርጌ ልቁጠር?» አሉ። አሠልጣኟ እንዲንቀሳቀሱ ነው የመጣሁት ብላ ጀምራ ነበር፤ ድምፅ እንደሌላት ተነገራት።

ሜትሮኗ በዚህ ጊዜ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከስምንት ዓመት በፊት አንድ ሽማግሌ በገዛ ፈቃዳቸው ተነስተው፣ ጓሮ ወጥተው፣ እዚያው ወድቀው ሦስት ሰዓት ሙሉ ማንም ሳያያቸው መቆየታቸውን ተናገሩ። ያገኟቸው ሜትሮኗ ነበሩ። «ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው የምቆጥረው፤ የምትስቁብኝንም አውቃለሁ» አሉ። ይህን ጊዜ የሳቀ የለም። ጸሐፊዋም «ቆጣሪ» ስትል ከርማ ስለነበር ይህን ቃል በቃል መዝግባለች።

ሰብሳቢው ሁለቱንም ወገን የሚያስታርቅ ሐሳብ አመጡ። ከረጅም ውይይት በኋላም፦ አረጋውያን ታካሚዎች እንዲነሱ፣ ነገር ግን ከአልጋቸው እንዳይወርዱ ተወሰነ። አሠልጣኟ ይህ ምን ማለት እንደሆነ እንዲብራራላት ጠየቀች። ማብራሪያው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ።

በ4፡55 ከግድግዳው ወዲያ «ሽንቴ መጣ እኮ፣ እናንተ ሰዎች!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሰብሳቢው ይህ እንዳይመዘገብ አዘዙ። ጸሐፊዋ ትእዛዙን መዝግባለች፤ ምን እንዳይመዘገብ እንደታዘዘ ካልተጻፈ ደግሞ ትእዛዙ ስለማይገባ ጽፋዋለች። ሜትሮኗ በግድግዳው በኩል «እማማ፣ ፖፖው አልጋዎ ሥር አለልዎት!» ብለው ጮኹ። መልስ መጣ፦ «ሠላሳ አንድ ዓመት ሞተር ያስነሳሁ ሴት ፖፖ ላይ አልቀመጥም! በእግሬ ነው የምሄደው!»

ጸሐፊዋ እንድትወጣ ፈቃድ ጠየቀች። አልተፈቀደም። ሁለተኛ ጠየቀች። ሰብሳቢው «አንቺ ከወጣሽ የአክስትሽ ጉዳይ ራሱ አይታይም፤ ምረጪ» አሏት። ተቀመጠች። በዚህ መቀመጧ ይህን ስትጽፍም ታፍራለች።

አጀንዳ ሦስት፦ ሁለቱ ብረቶች

አረጋውያን መሐላቸው ቆመው፣ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ መራመድ የሚለማመዱባቸው ሁለት ረጃጅም ብረቶች ከተተከሉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። አንሶላ ይሰጣባቸዋል። የልብስ እጥበት ኃላፊዋ «ብረቱ ላይ አንድም ሽማግሌ አይቼ አላውቅም፤ አንሶላ ግን በየቀኑ አለ። ማን ነው ባለመብት?» ሲሉ ተከራከሩ። አሠልጣኟ አንሶላ መራመድ እንደማያስፈልገው ገለጸች። ኃላፊዋም እርጥብ አንሶላ ላይ የሚተኛ ሽማግሌ እንደማይራመድ ገለጹ። ሁለቱም እውነት ስለተናገሩ ውይይቱ ተራዘመ።

በመጨረሻም፦ አንሶላው እርጥብ ሲሆን ብረቱ የአንሶላው እንዲሆን፣ ሲደርቅ የአረጋውያኑ እንዲሆን፣ መድረቁንም የሚያረጋግጥ ሦስት አባላት ያሉት ንዑስ ኮሚቴ እንዲቋቋም ተወሰነ። በዝናብ ወራት ንዑስ ኮሚቴው እረፍት ይወጣል።

አጀንዳ አራት፦ አልጋ ቁጥር አሥራ አራት

ጸሐፊዋ አክስቷ ዛሬውኑ፣ አሠልጣኟ ሳትሄድ፣ እንዲነሱ ጠየቀች። ነገ አውቶቡሱ ከሄደ ወዲያ ሁሉም የተማረው በባልደረባው ላይ ብቻ መሆኑን፣ ባልደረባ ሲያነሱት ራሱን እንደሚያቀል፣ ዳሌው የተሰበረ ሰው ግን እንደማያቀል አስረዳች። ድምፅዋ ስለተሰበረ መጨረሻው አልተሰማም። መጨረሻው «እባካችሁ» የሚል ነበር።

የንብረት ክፍል ኃላፊው ዎከሩ በሥራ ላይ መሆኑን አሳወቁ። ሜትሮኗ ታካሚ የሚነሳበት የፈቃድ ቅጽ እንደሚያስፈልግ፣ ቅጹ ገና እንዳልታተመ፣ ወረቀት ሲመጣ እንደሚታተም ተናገሩ። ይህን ሲናገሩ ግን ወደ ጸሐፊዋ አላዩም። ሰብሳቢው የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል አሉ። የልብስ እጥበት ኃላፊዋ የዘገየስ ምን ይለቅማል ብለው ጠየቁ።

ድምፅ ተሰጠ። «ቅጹ ታትሞ እስኪመጣ አልጋ ቁጥር አሥራ አራት ይተኙ» የሚለውን ሦስት ደገፉ፤ አንዲት ተቃወመች። የልብስ እጥበት ኃላፊዋ እጃቸውን እስከ ትከሻቸው ብቻ አነሱ፤ ድምፀ ተአቅቦ ተብሎ ተያዘ። አክስቴ በሦስት ለአንድ እንዲተኙ ተወሰነ።

በዚህ መካከል ከግድግዳው ወዲያ ድምፅ መጥፋቱ ተስተዋለ።

ከዚያ በኮሪደሩ ላይ የወንበር እግር ሲሚንቶ ሲፍቅ ተሰማ። ይፍቃል፣ ይቆማል፤ እንደገና ይፍቃል፣ ይቆማል። የንብረት ክፍል ኃላፊው ያለ ፈቃድ ንብረት የሚያዘዋውር ማን እንደሆነ ጠየቁ። ድምፁ በራችንን አልፎ ወደ መጨረሻው ክፍል ሄደ፤ እዚያ ረጅም ጊዜ ቆመ፤ እጀታ ሲወዘወዝ ተሰማ፤ ተመለሰ። በሩ ተከፈተ።

አክስቴ ነበሩ። በሆስፒታሉ ሸሚዝ፣ በባዶ እግር፣ አንድ የላስቲክ ወንበር ከፊታቸው እየገፉ። ፊታቸው በላብ ርሷል። የሚሉት ግን ግልጽ ነበር፦

«ሽንት ቤቱ ተቆልፏል። ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

የንብረት ክፍል ኃላፊው ቁልፉ እሳቸው ኪስ ውስጥ መሆኑን፣ የቆለፉት ሳሙና ስለሚጠፋ መሆኑን፣ ቁልፍ የሚሰጠውም በመጠየቂያ ቅጽ መሆኑን ገለጹ።

«ሳሙናህን አልበላብህም። አምጣው።»

ቀጥለው ዎከሩን አዩ። ከዎከሩ ወደ ባለቤቱ አዩ።

«አንተ ደግሞ ምን ሆነህ ነው?»

«ልምምድ ነው፣ እማማ።»

«ልምምዱ አልቋል። ተነስ።»

የንብረት ክፍል ኃላፊው ተነሱ። በሁለት እግራቸው፣ ቀጥ ብለው። በአንድ እጃቸው ዎከሩን፣ በሌላው ቁልፉን ዘረጉ። አሠልጣኟ «ያለ ድጋፍ ቆመዋል ብለሽ ጻፊ» አለችኝና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ስትስቅ ይሁን ስታለቅስ አልለየሁትም።

ሰብሳቢው «ማንም እንዳይነሳ! አምስት ነን! ጉባኤው ይፈርሳል!» ሲሉ አሳሰቡ።

ጸሐፊዋ ተነሳች።

ከዚህ በታች ያለው ከሽንት ቤት መልስ የተጻፈ ነው።

አሠልጣኟ በደካማው ጎን ቆመች፤ እኔን ከኋላ አቆመችኝ። እጄን የት እንደማሳርፍ፣ መቼ እንደማነሳ በአምስት ቀን ያልገባኝን በአምስት ደቂቃ አሳየችኝ። «እትዬ፣ ልያዝዎት?» አልኳቸው። «አትያዥኝ፤ ግን አጠገቤ ሁኚ» አሉ። በሕይወቴ የምፈራው ነገር እሳቸውን ማጣት ብቻ ነው፤ ኮሪደሩም ያን ያህል ረጅም መሆኑን ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

ግማሽ መንገድ ላይ ከኋላችን ድምፅ ሰማን። ሜትሮኗ ተከትለውን ወጥተው፣ መዝገባቸውን ታቅፈው፣ እየቆጠሩ ነበር። አልጋ አልነበረም የሚቆጥሩት። «አሥራ ሰባት... ቀስ ይበሉ እማማ... አሥራ ስምንት...» መሄጃው ሃያ ስድስት እርምጃ ሆነ። የውስጡ ጉዳይ በአክስቴ ጥያቄ አይመዘገብም። መመለሻውም ሃያ ስድስት ሆነ። ሜትሮኗ መዝገቡን ከፍተው በአልጋ ቁጥር አሥራ አራት ፊት ለፊት «ወጥተዋል» በሚለው ቦታ «ሽንት ቤት፤ በእግር» ብለው ጻፉና ፈረሙ።

አጀንዳ አምስት፦ ልዩ ልዩ

አባላቱ ወደ ቦታቸው ከተመለሱ በኋላ ሰብሳቢው የሕግ ማብራሪያ ሰጡ። ቃለ ጉባኤው ሳይፈረም ምልዓተ ጉባኤው ስለፈረሰ፣ በደንቡ መሠረት የዛሬው ስብሰባ እንዳልተሰበሰበ ይቆጠራል። የልብስ እጥበት ኃላፊዋ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉ። ይህም ልክ ነው ተባለ።

ስለዚህ በሙሉ ድምፅ፦ ሥልጠናው ተሳክቷል የሚለው፣ የሕመም ፈቃዱ፣ ከአልጋ ሳይወርዱ መነሳቱ፣ የደረቅ አንሶላ ንዑስ ኮሚቴውና አልጋ ቁጥር አሥራ አራት ይተኙ የሚለው ውሳኔ በሙሉ ተሽሯል። ምልዓተ ጉባኤ በሌለበት ይህን መሻር ይቻላል ወይ የሚል ጥያቄ ከአሠልጣኟ ቀረበ። ድምፅ የላትም።

ሰብሳቢው ነገሩ ሙሉ እንዲሆን የታካሚዋም መነሳት እንዳልተፈጸመ ተደርጎ እንዲመዘገብ ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ ውይይት ላይ ሳለ ከግድግዳው ወዲያ ድምፅ መጣ፦

«ነገስ በስንት ሰዓት ነው የምነሳው?»

ሰብሳቢው ጉዳዩ ገና እየታየ መሆኑን ለመግለጽ አፋቸውን ከፈቱ። ሜትሮኗ ቀደሟቸው፦

«በሦስት ሰዓት፣ እማማ! እኔው ራሴ መጥቼ አነሳዎታለሁ!»

የሰብሳቢው ሐሳብ ደጋፊ በማጣቱ ወደቀ። አሠልጣኟም ከሰዓት በኋላ ለፎቶ የተሰለፉትን ሠልጣኞች ይዛ መኝታ ክፍል ልትገባ፣ እያንዳንዳቸውም አንድ እውነተኛ አረጋዊ ሊያነሱ ተስማማን። ይህ ውሳኔ አይደለም፤ ስብሰባው እንዳልተሰበሰበ ስለሚቆጠር የሚሽረውም የለም።

ስብሰባው በ6፡25 ተበተነ። በዚያን ሰዓት አልጋ ቁጥር አሥራ አራት ባዶ ነበር። አክስቴ መስኮቱ ሥር በላስቲኩ ወንበር ላይ ተቀምጠው ግቢውን እያዩ ነበር። እንደ ወጡ አልተቆጠሩም።